በጓሮዬ የተቀበረው ፀጉር

የሽንኩርት ልጣጭ ለምኖ በሬን ያንኳኳ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ተከራዬ ራሔል ናት። ስኳር የለመነኝ አለ፣ ጨው የለመነኝ አለ፣ ለለቅሶ ነጠላ የተዋሰኝም አለ። ልጣጭ ግን፣ እስቲ እናንተው ፍረዱ። ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ በሬ ላይ ቆማ፣ እማማ ዘነቡ፣ ከሚጥሉት ለእኔ ቢያስቀምጡልኝ አለችኝ። በግ አላት እንዳልል የላትም፣ ዶሮም የላትም። ያላት ገና ትምህርት ቤት የጀመረች አንዲት ልጅ ናት፤ የሚኖሩትም ከጓሮ ባለው የእኔ ሰርቪስ ቤት ነው። ባልዲውን ስትከፍተው የእርጥብ አመድና የድንች ልጣጭ ሽታ ወጣ። ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ። የእናቴ ጓሮ ሽታ ነው፤ እናቴ ካረፈች ደግሞ ስንት ዘመኗ።

ያኔ ይሄው ግቢ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ያለው፣ አጥሩ የባሕር ዛፍ አጣና ነበር። ግንብ የሀብታም ነው። ቤታችን ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ እርስ በርስ አንሰማማም ነበር። እናቴ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ትደቅናለች፤ የዝናብ ውኃ ሳሙና አይፈጅም ባይ ናት። ላምባ በስሙኒ በጠርሙስ እናስቀዳለን፤ የቲማቲም ጣሳ ክዳኑ ይበሳና ፈትል ገብቶበት ኩራዝ ይሆናል። የዘይት ቆርቆሮ እጀታ ተበጅቶለት ውኃ ይቀዳበታል። ድስት በአመድና በቃጫ ይፈተጋል፣ ነጠላ በእንዶድ ይታጠባል። የዱቄት ጆንያ እንኳ ታጥቦ ታጥቦ ሲለሰልስ የእኔ የውስጥ ልብስ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን አይለቅም ነበር፣ እና እኔ ቂጤ ላይ በማላውቀው ፊደል ተጽፎብኝ ነው ተማሪ ቤት የተመላለስኩት። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ደግሞ የሰፈሩ ሽቅርቅር ነበር። አፍሮው ከበር መቃን ይጋጫል፣ ቤልቦተሙ መንገድ ይጠርጋል። ያ ቤልቦተም ጉልበቱ ሲያልቅ ቁምጣ ሆነ፣ ከታች ከተቆረጠው ሰፊ እግሩ ለእኔ የደብተር ቦርሳ ወጣ፣ ቁምጣው ሲያልቅ ደግሞ ወለል መወልወያ ሆነ። ግርማ በሱሪው ወለል ሲወለወልበት አይቶ አልቅሷል፤ ይሄን ዛሬም ሳነሳበት ይናደዳል።

ገበያ በዘንቢል ነው የሚኬደው። ስኳሩ በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ በርበሬው በደብተር ወረቀት፤ የማን ልጅ ሒሳብ እንደወደቀ ከበርበሬው መጠቅለያ ላይ እናነብ ነበር። በአስር ሳንቲም ሽንኩርት የዘንቢሉ ሥር ይሞላ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች መሬት መሬት እያዩ ይወርዳሉ፤ ከእነሱ ኋላ ቆራሌው እየጮኸ ይመጣል፤ ከሱ ኋላ ደግሞ ባለ ልዋጯ፣ ሳህንና ኩባያ አዝላ። ማዕዘኑ ላይ ካለው ሻይ ቤት የክራር ዘፈን ይሰማል፣ እኛም የጠርሙስ ክዳን እንለቅማለን። የሚጣል ነገር አልነበረም። ዛሬ ይኸው የማኅበሩ ልጆች ቆሻሻ ሊያነሱ ሲመጡ ከአንድ ቤት ሁለት ጆንያ ይወጣል፣ ግማሹ ፌስታል።

ይሄን ሁሉ ለራሔል ስነግራት ዓይኗ በራ። እማማ፣ እናትዎ እኮ ያኔውኑ አካባቢ ተንከባካቢ ነበሩ አለችና ስልኳን አውጥታ ልቅረጽዎት አለችኝ። ለምን? ማን ሊሰማው? እምቢ አልኳት። ደግሞስ ስለ እናቴ ምን ታውቃለች? እናቴ አካባቢ የሚባል ነገር አታውቅም። እናቴ የምታውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ማጣትና መጠርጠር። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ሲባል ሌላው ሰው ይስቃል፤ እናቴ ግን ገንፎውን ታማስል ነበር። ከቤት የሚወጣ ነገር አፍ አለው ትለኛለች። ጣሳ ለቆራሌው ከመስጠቷ በፊት የምታጥበው ለንጽህና አይደለም፣ ምን እንደበላን እንዳያውቅ ነው። ልብሳችን ለልዋጭ የሚሄደው ተቆራርጦ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ማንም ዳግመኛ ሊለብሰው በማይችልበት ቀን ነው። ወረቀትማ፣ ያ ጊዜ ክፉ ነበርና፣ ጎረቤት ጠቁሞ ሰው ቤቱ በተገኘ ወረቀት የሚጠፋበት ነበርና፣ ምድጃ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ምንም ባይጻፍበት እንኳ።

ከሁሉም የባሰው ፀጉር ነው። ስታበጥረን ሚዶው ላይ የቀረችውን ሁሉ ለቅማ፣ ጠቅልላ፣ ጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፋለች። ፀጉር ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል። ጥፍርም እንደዚሁ። የግርማን አፍሮ ስታበጥር የሚወድቀውን እያየች፣ ልጄ፣ አንተን የሚጠላህ ሰው ሥራ አይበዛበትም ትለው ነበር። ይሄን የምነግራችሁ አምናችሁ እንድትይዙት አይደለም። እኔም አምነዋለሁ አልልም። ግን እስከ ዛሬ ፀጉሬን ሜዳ ላይ አልጥልም። ቤቱ በሲሚንቶ ከተለሰነ ወዲህ ስንጥቅ ስለጠፋ በወረቀት እየጠቀለልኩ ከፍራሼ ሥር አኖረዋለሁ፤ በቃ፣ የለመድኩት ነው።

እና ከቤት የሚወጣ ነገር ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። አንድ የሕማማት ሰሞን ግርማ ተስቦ ያዘው። አልቆ አልቆ አፍሮው ብቻ ቀረ። እናቴ፣ የጾመች የቆረበች ሴት፣ በሕማማት እንቁላል ቀቀለችለት። ለበሽተኛ ይፈቀዳል፤ ግን የነፍስ አባት ይጠየቃል፣ እሷ ደግሞ አፍራ አልጠየቀችም። ቅርፊቱን በድንጋይ ፈጭታ አመድ ውስጥ ቀበረችው። ያኔ ክብሪት ለመቆጠብ ከጎረቤት እሳት መጫር ነበር፤ አጥራችን ላይ ለዚሁ ብላ የተተወች ክፍተት ነበረች፣ በእሷ በኩል ወይዘሮ አስካለ ጠዋት ጠዋት ገል ይዛ ብቅ ትላለች። እናቴና አስካለ አብረው የወለዱ፣ አብረው ያረገዙ፣ ከአንድ መሶብ የበሉ ናቸው። ያን ቀንም መጥታ ፍሙን ከአመዱ ስታወጣ እናቴ ከምድጃው በላይ ቆማ እጇን እጇን ታያለች። አስካለ ምንም ሳትል ሄደች። በማግስቱ የነፍስ አባታችን መጡና ለእናቴ ቀስ ብለው፣ ለታመመ ይፈቀዳል፣ ግን ሳትጠይቂኝ ለምን ልጄ አሏት። በቃ። እናቴ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አባቴን ክፍተቷን በአጣና እንዲዘጋት ነገረችው። ከዚያ ወዲያ አስካለ ከሌላ ቤት ነው እሳት የጫረችው። ስትሞት እናቴ ለቅሶዋን አልደረሰችም። አጥር ለአጥር ሆነው፣ የቀብሩ ዕለት በሯን ዘግታ ምስር ስትለቅም ዋለች፤ ሰፈሩ ይሄን እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

የእናቴን ተዝካር ባወጣን ዕለት ግርማ ጠላ ጠጥቶ ሞቅ ብሎት፣ ያኔ እኮ ለአባ የነገርኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ሳቀ። ጠበል ሊረጩት መጥተው እናቴ ውጪ ሳለች፣ በሞት ጥላ ሥር ያለ መስሎት ተናዞ። እኛ የምናውቅ ነበር የመሰለው። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ራሔል ልመለስ። ራሔል አዲሱ ገበያ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ልጅ ከመሆኗ በቀር ሥርዓት ያላት ናት፤ ጴንጤ ናት፣ እሑድ እሑድ ልጇን አሳምራ ይዛ ትወጣለች፣ መዝሙሯን ቀስ አድርጋ ነው የምትከፍተው። ቅዳሜ ከሰዓት ሲመቻት እኔን ሹሩባ ትሠራኛለች፤ ሒሳብ አትቀበለኝም። ይሄም ራሱ ጥርጣሬ ውስጥ ከቶኝ ነበር። ከልጣጩ ቀጥሎ የልብስ ማለቅለቂያዋን ውኃ ለጌሾው ማጠጣት ጀመረች። ቀጥሎ ፌስታል እምቢ አለች፤ ዘንቢል ገዛች፣ ያውም ሸጎሌ ድረስ ሄዳ። ቀጥሎ ድስቷን በሎሚ ልጣጭና በአመድ። ቀጥሎ ደግሞ የእኔን የበረንዳ አምፖል፣ እማማ ማንም ሳይኖር ለምን ይበራል እያለች ማጥፋት ጀመረች። እኔም በሆዴ፣ ጨለማ የምትፈልገው ለምንድን ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በመጨረሻ ጉድጓድ ልቆፍር አለች። ልጣጩ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ሲከርም አፈር ይሆናል፣ ኮምፖስት ነው የሚባለው፣ አትክልት እንተክልበታለን አለች። ትንሽ ከሆነ ቆፍሪ አልኳት። ቆፈረች፣ ከጓሮ፣ ከግንቡ ሥር። ደህና። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ ስትመጣ ጥቁር ፌስታል ይዛ ታየችኝ። ፌስታል እምቢ ያለች ሴት! ግራ ቀኝ አላየችም፣ ቀጥ ብላ ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ገለበጠችው፣ አፈር መለሰችበት። ለጎረቤቴ ለተዋበች ስነግራት ሻሿን አጥብቃ፣ አንቺ፣ በመቃብርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ነው እንዴ የምታወሪኝ አለችኝ። ተዋበች ነገር ማጋነን ትወዳለች። ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

በነጋታው ራሔል ሥራ ልጇም ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመጥረጊያ እንጨት አፈሩን ገለጥ አደረግኩት። ፀጉር ነው። የሰው ፀጉር፣ ጥቁሩ፣ ቀለም የተቀባው፣ አጭሩ፣ ረጅሙ፣ ከድንች ልጣጭና ከእንቁላል ቅርፊት ጋር ተቀላቅሎ። መቼም ይሄ የፀጉር ቤቱ ነው ብዬ ልረጋጋ ስል ነጩን አየሁት። ጫፉ ላይ ያለፈው ፋሲካ የተቀባሁት ሂና አለበት። የእኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሹሩባዬን ስትፈታልኝ ልጄ ደውላ ስልክ ላነሳ ገብቼ ነበር፣ ለካ በዚያች መሐል ጠርጋ ወስዳዋለች። እግዚኦ አልኩ፣ እንጨቱን ጥዬ ገባሁ፣ በሬን ቆለፍኩ።

ማታ ስትመጣ በረንዳ ላይ ጠበቅኳት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"ራሔል፣ በወሩ መጨረሻ ቤቴን ልቀቂልኝ።"

ክው አለች። ምን አጥፍቼ ነው አለች። ፀጉሬን ምን ልታደርጊበት ቀበርሽው አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። ፀጉር ሲበሰብስ አፈሩን ያጠነክራል፣ ፀጉር ቤት የሚወድቀው ሁሉ ዝም ብሎ ይጣላል፣ የእርስዎንም ሳላስብ ነው አብሬ የጠረግኩት፣ ለአፈሩ ምግብ ነው አለችኝ። አፈር ሰው እንደሚበላማ እኔም አውቃለሁ አልኳትና ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሳምንት ደስ አይልም። ከሥራ ስትወጣ ከደላላ ጋር እንደምትዞር ተዋበች ነገረችኝ። በአቅሟ የተገኘላት ቤት ከሸጎሌም ወዲያ ነው፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትቀይራለች፣ ራሔልም ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሲከፈት መድረስ አትችልም፣ እና ሥራውን መተዋ ነው። ተዋበች ይሄን የነገረችኝ ደስ ብሏት ነው፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ይገባታል አልልም፣ አይገባትም አልልም። ልጅቷ ስታየኝ እማማ ማለት ትታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። እኔም ጓሮ መውጣት ተውኩ። ልጣጬን ከሌላው ቆሻሻ ጋር አድርጌ ለማኅበሩ ልጆች ሰጠሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለማን እንደሚሰጡት ሳስብ ዋልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ቤተ ክርስቲያኗ መሄጃ ሰዓት አልፎ ራሔል ጓሮ አለች። ጆንያ አንጥፋ ጉድጓዱን ገልብጣዋለች። አፈሩን እፍኝ እፍኝ እያደረገች በወንፊት ትነፋለች፣ ከወንፊቱ ላይ በጣቷ አንድ አንድ እየመረጠች ጭኗ ላይ ባለ ጨርቅ ታስቀምጣለች። ልጅቷ በራፉ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታያታለች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ቆምኩ። ምን እየፈለገች ነው? የቀበረችውን ልታወጣ ነው? ሰው ሳያያት ልታሸሽ ነው? ቁርሴን ሳልቆርስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ደመናው ከእንጦጦ ወረደ፣ ማካፋት ጀመረ፣ አልተነሳችም። ጥቁሩን ፀጉር ትተወዋለች፣ የቀላውን ትተወዋለች። ነጭ ብቻ ነው የምትለቅመው።

ዝናቡ ሲበረታ ተነሳች። በቧንቧው ሥር ስታጥበው አየሁ፣ ከዚያ በሬን አንኳኳች። ከፈትኩ። ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር ገብቷል፣ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋችልኝ፤ ነጩ ፀጉሬ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ።

"እማማ፣ ያገኘሁት ይሄን ነው" አለችኝ። "ቤት ፈልጌ አላጣም፣ አወጡኝ ብዬም አላዝንብዎትም። ግን ክፉ ሠርታብኝ ሄደች እያሉ እንዲኖሩ አልፈልግም።"

ጨርቁን ተቀበልኳት። መተተኛ ብትሆን መልሳ ትሰጠኛለች? ወይስ ግማሹን አስቀርታ ነው? ወይስ ይሄም ራሱ ዘዴ ነው? እንዲህ እያልኩ ነበር፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የእናቴና የአስካለ ነገር ትዝ ብሏት ነው የራራችው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያን ሰዓት እናቴም አስካለም ትዝ አላሉኝም። ያሰብኩት ስለ ቅዳሜ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ፣ ከዚያም የሚመጣው፣ ጓሮው ዝም ብሎ፣ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ሳይኖር። ልጆቼ እየደወሉ እማዬ እንዴት ነሽ ይሉኛል፣ ደህና ነኝ እላለሁ። ራሴን የሚነካ ሰው ግን ከእሷ በቀር የለኝም። ይሄ ሲገባኝ በእሷም በራሴም ተናደድኩ።

"የትም አትሄጂም" አልኳት። "ግን ያንን ጉድጓድ ከግንቡ ሥር አንሺና ከመስኮቴ ሥር አምጪልኝ። ምን እንደምትጨምሪበት ማየት እፈልጋለሁ።"

አላለቀሰችም፣ እጄንም ልሳም አላለችም፤ እሺ እማማ ብላ ዞራ ሄደች፣ በዝናቡ ውስጥ አካፋ ስትፈልግ አየኋት።

ይኸው አሁን ጉድጓዱ ከመስኮቴ ሥር ነው። ተዋበች በመጣች ቁጥር አፍንጫዋን ትይዛለች፣ ይሸታል ትላለች፤ አይሸትም፣ ዝናብ የዘነበበት መሬት ነው የሚሸተው፣ ዳር ዳሩን ቆስጣ በቅሏል። ልጣጩን የምጥለው እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው እጅ አላምንም። የእንቁላሉን ቅርፊት በድንጋይ ፈጭቼ፣ አመዱን ነፍቼ፣ ከላይ ቅጠል አልብሼ በእጄ ነው የማስገባው። ራሔል ከፀጉር ቤት ይዛ የምትመጣውን በረንዳ ላይ አስገልብጬ አያለሁ፣ ከዚያ እሱንም እኔው እጨምረዋለሁ። አካባቢ የምንከባከብ የሚመስለው ሰው አለ፤ ተሳስቷል፣ ነቅቼ እየጠበቅኳት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ዱካዬን ወደ እሷ አስጠግቼ፣ ሻሼን ፈትቼ፣ ራሴን ጉልበቷ ላይ አሳርፋለሁ። በዓይኔ ልከታተላት እያልኩ ነው ሁልጊዜ የምጀምረው። ሦስተኛው ጉንጉን ላይ ሳትደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።